የጠፋችው «ን»

አራሚዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና አንቀጽ አሥራ አንድን ለሦስተኛ ጊዜ አነበበች። «ን» የለችም። ትናንት ቋሚ ኮሚቴው ያጸደቀው ረቂቅ፣ «ተቆጣጣሪው ወደ ፋብሪካው ይገባል፤ ፍሳሹንም በየወሩ ይለካል» ይል ነበር። ዛሬ «ለቋንቋ እርማት» ተብሎ የመጣላት ግን «ፍሳሹም በየወሩ ይለካል» ይላል።

በምክር ቤቱ ሃያ ሁለት ዓመት የሕግ ረቂቅ ስታርም ኖራለች። ባልደረቦቿ «አራት ነጥብ» ይሏታል፤ እርሷ ካልዘጋችው ዐረፍተ ነገር አይዘጋምና። የቋንቋ እርማት በእርሷ ፊርማ ብቻ ያልፋል። የይዘት ለውጥ የሚሻ ግን በጉባኤው ፊት ቆሞ በገዛ አፉ ይጠይቃል። ድምፅ የሚሰጠው በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ አሁን ሰባት ተኩል ሆኗል።

ከፊቷ የፋብሪካ ባለቤቶች ማኅበር ጠበቃ ተቀምጧል። ማንም አልመረጠውም፤ የሕንፃውን በሮች ግን ከተመራጮቹ ይልቅ ያውቃል። የኮሚቴው ሰብሳቢም ማስተካከያውን ፈርመውለታል።

«አንዲት ፊደል ናት እኮ፣ እትዬ» አለ ፈገግ ብሎ። «ለጆሮ ስለምትከብድ ነው።»

«እስቲ ሁለቱንም ጮክ ብለው ያንብቡልኝ።»

አነበበ። በመጀመሪያው «ለ»ን አላላት፤ ተቆጣጣሪው ለካ። በሁለተኛው ምላሱ ሳያማክረው «ለ»ን አጠበቃት፤ ፍሳሹ ተለካ፤ ለኪው ጠፋ።

«ባለቤቱ ማን ነው?» አለችው።

«የፋብሪካው?»

«የግሡ!»

ጠበቃው ሳቀ፤ እርሷ አልሳቀችም።

«ያው... የሚመለከተው አካል ይለካዋል።»

«ፋብሪካው ራሱስ ቢለካው?»

«ሕጉ አይከለክልም» አለና ሰዓቱን አየ። «ወንድምዎ ቆዳ ፋብሪካችን ውስጥ መሆናቸውን አውቃለሁ። ሁለተኛው ፈረቃ እንዳይታጠፍ እኛም ተጨንቀናል።»

ወዲያው ስልኳ ጠራ፤ ታላቅ ወንድሟ ነበር። ወደ መተላለፊያው ወጣች።

«እታለም፣ አለቃዬ ደውልላት ብሎኝ ነው። አንድ ፊርማ ነው አሉ?»

«አንድ ፊርማ ነው።»

«ታዲያ ምን ያንገራግርሻል? ሦስት ልጅ ይዤ በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል? የፍቅር ደብዳቤዬን በቀይ አርመሽ የመለስሽልኝ ሴትዮ፣ ዛሬ እንኳ ሰዋስውሽን ተይው!»

ሳትወድ ሳቀች። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ ከፋብሪካው በታች ያለውን ወንዝ ትጠጣላችሁ?»

«እኛማ በጀሪካን ከላይ ሰፈር እናስቀዳለን።»

«የታች ሰፈር ሰዎችስ?»

«እነሱማ...»

አልጨረሰውም።

«በይ፣ እኔ ደውያለሁ» አለ። «ከጠየቁሽ፣ ደውሏል በያቸው።» ስልኩን ዘጋ።

ስትመለስ ጠበቃው የራሱን ብዕር ከፍቶ የእርማት ቅጹ ላይ አስቀምጦላታል። ብዕሩን ገለል አድርጋ የራሷን ቀይ ብዕር አነሣች። ቅጹ ላይም እንዲህ ጻፈች፦ «ይህ የቋንቋ እርማት አይደለም፤ ለጉባኤው ይቅረብ።»

«እትዬ፣ ወንድምዎን ያስቡ እንጂ!»

«እያሰብኩት ነው የምጽፈው።»

ከቅጹ ግርጌ «ለውጡን የጠየቀው» የሚል መስመር አለ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ማንም ሞልቶት አያውቅም፤ እርሷም ሙሉልኝ ብላ አታውቅም። ወረቀቱን ወደ ጠበቃው አዞረችለት። እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሣ።

መልሳ ወደ ራሷ ሳበችው። «የፋብሪካ ባለቤቶች ማኅበር» ብላ ጻፈችበትና አራት ነጥብ አደረገች።