የረዘመው ሱጁድ

ሐኪሙ አስጠንቅቋቸው ነበር። ሼህ ረድዋን ደምያጥ ከተማ ድረስ ሄደው ሲታዩ፣ ሐኪሙ አልጋ ላይ አጋድሟቸው፣ ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ አዘንብሎ ቀስ እያለ ካዟዟረላቸው በኋላ፣ "ጆሮዎ ውስጥ ያሉት ደቃቅ ጠጠሮች ከቦታቸው ወጥተው ነው የሚያዞርዎት። ሁለት ጊዜ ተመላልሰው ይምጡ፣ ይስተካከላል። እስከዚያ ግን እንዳይጎነበሱ፤ ወንበር ላይ ሆነው ይስገዱ" አላቸው።

ወንበር? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሕዝብ ያሰገደ ኢማም ወንበር ላይ? ሰው ምን ይላል? ለሚስታቸው ለኢንሺራሕ እንኳ ትንፍሽ አላሉም።

ጁምዓ ደረሰ። እንደ ምንም ብለው እስከ መጨረሻው ሱጁድ ዘለቁ። እዚያ ላይ ግንባራቸው ምንጣፉን ሲነካ መስጊዱ ዞረባቸው። ምንጣፉን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ያዙ። ቢነሱ መውደቃቸው ነው፤ ካልተነሱ ደግሞ የሚነሳ የለም። ኢማም ሳይነሳ ማን ይነሳል? ከኋላቸው ሁለት መቶ ሰው በግንባሩ ተደፍቶ ጠበቀ። ማቅለሽለሹ እንባቸውን አወረደው። ከፊተኛው ረድፍ የሰማንያ ዓመቱ ጀልባ ሠሪ ሐጂ መተወሊ ተንሰቀሰቁ፤ እሳቸውን ሰምቶ ሌላውም አለቀሰ።

ማዞሩ ሲለቃቸው ቀና አሉ። ሶላቱ ሲያበቃ ሰዉ እጃቸውን ሊስም ተሰለፈ።

"እንዲህ ያለ ሱጁድ አይቼ አላውቅም፣ ሼሁ" አላቸው አንድ ዓሣ ሻጭ። "የእርስዎ እንባና የሐጂ እንባ ልቤን በላው።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ ሼሁ። ይህችኑ ብቻ። ውሸታቸውን በአላህ ስም እንደሸፈኑባት ግን ልባቸው አላጣውም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእሳቸው እያደር ከበደ። ሳምንቱን ሙሉ ባመሰገኗቸው ቁጥር ፊታቸው ይነድ ነበር።

በሚቀጥለው ጁምዓ ሐጂ መተወሊ አጎዛ በብብታቸው ይዘው እያነከሱ ገቡ።

"ምነው፣ ሐጂ?"

"ጉልበቴ አብጦ ሦስት ቀን ተኝቼ ሰነበትኩ። ይሁን፤ ለአላህ ነው። ዛሬም ያርዝሙልን፣ አጎዛ ይዣለሁ።"

ሼሁ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው ወደዱ። ድምፅ ማጉያውን አነሱ።

"ያለፈው ጁምዓ ሱጁዴ የረዘመው ራሴ ዞሮብኝ መነሳት አቅቶኝ ነው። ሐኪም ወንበር ላይ ስገድ ብሎኝ ነበር፤ አፍሬ ደበቅኩ። ስታመሰግኑኝም ዝም አልኩ። የሐጂን ጉልበት ያሳበጥኩት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ እስኪሻለኝ እዚህ አብረውን ያሉት መምህር በስዩኒ ያሰግዱ።"

ሐጂ ጢማቸውን አሻሹ።

"እኔም እኮ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ያስለቀሰኝ ጉልበቴ ነበር። ሰዉ ሲያደንቀኝ ጊዜ ደስ አለኝና ዝም አልኩ።"

ሁለት ወንበር መጣ። ሐጂ አጎዛውን በሼሁ ወንበር ላይ አነጠፉላቸው። ሁለቱም ዓይናቸውን ከወለሉ ሳያነሱ ጎን ለጎን ተቀመጡ።