ዳልጮ ከዳልጮ ጋር የታረቀ ዕለት

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ውሸት ካገኛችሁበት ከዛሬ ጀምሮ የጫሞ ሐይቅን ዓሣ ከነእሾሁ ልብላ፣ ሲቀላ ወርጄ ሴቻ መመለስ ይቃተኝ። ምስክር የሚፈልግ ካለ ጉማሬዎቹን ይጠይቅ። ጉማሬ ምን አገባው የምትሉ ታገሡ፤ ይመጣል።

ዳልጮ በአርባ ምንጭ የታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ ውስጥ፣ ወደ ላይኛው ሰፈር ወደ ሴቻ የሚወጣው አቀበት ከመጀመሩ በፊት፣ ጋራዥ አለው። ከበሩ በላይ ከግማሽ በርሜል ተቀጥቅጦ የተሠራ ታፔላ ተሰቅሏል፦ «ዳልጮ የመኪና ሆስፒታል። የማናድነው የለም።» ታፔላው በሠላሳ ዓመት ውስጥ ዋሽቶ አያውቅም። አንዲት መኪና አልድንም ካለች ዳልጮ «እሷማ ሞታ ነው የመጣችው» ይላል፤ ሬሳ ደግሞ ሆስፒታልን አይከስም።

አንድ ቀን ይፍሩ የሚባል የዓሣ ነጋዴ ከዱባይ ያስመጣትን ቀይ፣ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና እየነዳ ገባ። መሬት ላይ ከመለጠፏ የተነሣ የሲቀላ ዶሮዎች ቁልቁል ነበር የሚያዩዋት። ኋላዋ ላይ በሳጥን የታሸገ ዕቃ አለ። ሱፐርቻርጀር ይባላል።

«ምንድነው እሱ?» ላለው ሁሉ ዳልጮ እንዲህ እያለ ያስረዳ ነበር፦ «ሞተር አየር ይበላል አይደል? ተራው ሞተር በገዛ እጁ ይበላል። ይሄ ግን ያጎርሰዋል። ጠገብኩ ቢል እንኳ ያጎርሰዋል!» እውነቱንም ነው። ዕቃው ከሞተሩ ጎን ይታሰራል፤ ሞተሩ ቺንጊያ በሚባለው የጎማ ቀበቶ ያዞረዋል፤ እሱ ደግሞ አየሩን አምቆ መልሶ ሞተሩን ያጎርሳል። የጉርሻውን ልክ የምታሳይ ክብ መለኪያ አለች። ዳልጮ ገጥሞ ሲጨርስ ስምንት ማሳየት ነበረባት።

ሦስት አሳየች።

ሦስት ብቻ ብታሳይ ደግ ነበር። መኪናዋ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች፣ ነዳጅ ሲሰጧት ደግሞ ታፏጫለች። ፉጨቷ ጫሞ ድረስ ይሰማ ጀመር። ጉማሬዎቹ ዘመድ የጠራቸው መስሏቸው ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ «አቤት!» ማለት ያዙ። ዓሣ አጥማጆች መረባቸው ተረግጦ ቢያስቸግራቸው ለሚመለከተው አካል አመለከቱ። የሚመለከተው አካል ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው ጉማሬዎቹ ለምን ወደ ሲቀላ እንደሚያዩ እስከ ዛሬ እያጠና ነው።

ጋራዡ ውስጥ ሁለት ሐኪም ነበረ። ሁለተኛው ካሌብ ነው፤ በመካኒካል ምሕንድስና ተመርቆ፣ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጎ፣ በመጨረሻ ከዳልጮ ጋራዥ አንዲት ጥግ ተጠግቶ ላፕቶፑን የዘረጋ።

«ጋሽ ዳልጮ፣ ጭሱ የጠቆረው ነዳጅ በዝቶ ነው» አለና በላፕቶፑ ነዳጁን ቀነሰ። መኪናዋ ወባ እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጠች።

«ላፕቶፕህን ዝጋ! ቺንጊያው ላልቶ ነው» አለ ዳልጮና አጠበቀው። መኪናዋ ቢላዋ እንዳየ ፍየል ጮኸች።

ካሌብ ነዳጁን መለሰ፤ ዳልጮ ቺንጊያውን አላላ። ካሌብ ጉርሻው ይፍጠን ብሎ ቺንጊያው የሚዞርበትን ፑሊ በሌላ አነስተኛ ፑሊ ቀየረ፤ ዳልጮ የጭስ ማውጫውን ማርሚታ ፈትቶ በእንጨት መታው፣ ለምን እንደመታው ግን አልተናገረም። መለኪያዋ ሦስት ላይ ቁጭ ብላ ሁለቱንም ታዘበቻቸው።

ሌላ አገር መኪና የሚፈተንበት ማሽን አለ አሉ። እኛ ዘንድ የሴቻ አቀበት አለ። ዳልጮ ይፍሩን አጠገቡ አስቀምጦ ሊፈትናት ወጣ። ግማሽ መንገድ ላይ ሃያ ሰውና አንድ ፍየል የጫነ ሚኒባስ እያቃሰተ ደረሰባቸው፣ ከጎናቸው ሆነ፣ አለፋቸው። ማለፉ ባልከፋ። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ ዳልጮን አየና፦

«ሴቻ ነው አባባ? ይግቡ፣ ቦታ አለ!»

ተመለሱ። ይፍሩ ጋራዡ በር ላይ ሲወርድ እንዲህ አለ፦ «ዳልጮ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው። እስከ ቅዳሜ ጠዋት ካልተስተካከለች ጭነት መኪና ላይ ጭኜ ሐዋሳ እወስዳታለሁ።»

ዳልጮ ሐዋሳ ሲባል አልሰማም፤ የሰማው «ጭኜ» የሚለውን ነው። ቀዩዋ መኪና ጭነት መኪና ላይ ተጋድማ፣ ሲቀላን ሙሉ አቋርጣ፣ በታፔላው ሥር ስታልፍ ታየችው። የማናድነው የለም! ልጆች ሲስቁ ተሰማው። ደሙ ፈላ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ወጣና ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኸ፦

«ይሄን ዕቃ ያበላሸ ሰው አለ! የዱባይ ሰው ይሁን፣ የጃፓን ሰው ይሁን፣ ካሌብም ይሁን! አገኘዋለሁ! ያገኘሁት ቀን ይሄን ታፔላ አውርጄ አናቱ ላይ ካልሰበርኩት ዳልጮ አይደለሁም!»

«እኔን ምን አገባኝ ጋሽ ዳልጮ?» አለ ካሌብ።

«ሰምተናል» አሉ አቶ ኦይታ ከወንበሩ ሌላ ጫፍ።

አቶ ኦይታ መኪና የላቸውም፣ ኖሯቸውም አያውቅም፤ ግን ከዚያ ወንበር አንድ ቀን ቀርተው አያውቁም። ሌላው ሽማግሌ ጠብ ሲነሣ ይጠራል፤ እሳቸው ጠቡ ሳይመጣ ቦታ ይይዛሉ።

ካሌብ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ አየር የሚያፈስ ቀዳዳ ካለ በጭስ የሚፈልግ ማሽን እንዳለ፣ ከውጭ ቢታዘዝ በሁለት ወር እንደሚደርስ ተናገረ። ዳልጮ ካቻቢቴ ወረወረበት።

ከጋራዡ ግድግዳ ጀርባ ደግሞ ልክነሽ አለች። ልክነሽ ከላንቴ መንደር ጥሬ ሙዝ ታስመጣለች፣ በጭቃ በተመረገች ክፍል ትደረድረዋለች፣ የላምባ ምድጃ ውስጡ ለኩሳ በሩን በኮባ ቅጠልና በጭቃ ትደፍናለች። ጭሱ ካመለጠ ሙዙ አይበስልም። እንግዲህ ሴትዮዋ ሃያ ዓመት ሙሉ የሠራችው ሥራ ቢጠቃለል አንድ ነው፦ ጭስ በየት እንደሚሾልክ መፈለግ።

ዓርብ ጠዋት እጇ ጭቃ እንደሆነ ገባች።

«ዳልጮ፣ ይቺ ዕቃህ ታፈሳለች።»

«አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ? ይሄ ሙዝ መሰለሽ?»

«ሙዝማ ቢሆን በአራት ቀን ይበስል ነበር። ያንተ ሦስት ሳምንቱ ነው፣ አሁንም ጥሬ ነው።»

ካሌብ ሳቀ። ዳልጮ ዞሮ አየው። ካሌብ ላፕቶፑን አየ።

ልክነሽ ፈቃድ አልጠበቀችም። የወተት ዱቄት ጣሳ ላይ ፍም አደረገች፣ እርጥብ የሙዝ ቅጠል ደፋችበት፣ ክዳኑን በስታ ቱቦ ሰካችበት። ሞተሩ ጠፍቷል። ቱቦውን አየር በሚገባበት አፍ ላይ አድርጋ ዙሪያውን በጨርቅ አፈነች፣ ማርሚታውንም በጨርቅ ደፈነች፣ የጎማ መንፊያውን ኮምፕሬሰር ለካሌብ ሰጥታ «ቀስ አርገህ፣ እንደ ሕፃን እፍ በልበት» አለችው። ጭሱ ገባ። እሷ ኮፈኑ ሥር አንገቷን አስገብታ ዓይኗን ተከለች።

ከሱፐርቻርጀሩ ሆድ ሥር ክር የመሰለ ጭስ ቀጥ ብሎ ወጣ። ልክነሽ ጣቷን ወተፈችበት፤ ጠፋ። አነሣች፤ ወጣ።

«ይቺ ናት» አለች።

ካሌብ በስልኩ አበራ። ቀዳዳው ክብ ነው፣ ጠርዙ ንጹሕ ነው። «ይሄ ስብራት አይደለም» አለ፣ «ሰው በመሰርሰሪያ የበሳው ነው!»

ዳልጮ ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱ በራ። «እሱማ መተንፈሻው ነው! እኔ ራሴ ነኝ የበሳሁት!»

እንዲህ ያለው በኩራት ነው። የተናገረው ነገር ከአፉ ወጥቶ፣ ጋራዡን ዞሮ፣ ወደ ጆሮው እስኪመለስ ትንሽ ጊዜ ወሰደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳልጮ ልጅ ሳለ እናቱ ቦርዴ ጠምቃ ትሸጥ ነበር። ቦርዴ ደግሞ ሕይወት ያለው መጠጥ ነው፤ ጀሪካን ውስጥ ሲገባ ማጉረምረሙን አይተውም። አንድ ቀን ዳልጮ ክዳኑን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ጀሪካኑን አዘለና በፀሐይ ወደ ገበያ ሄደ። ገበያ ሲደርስ ጀርባው ላይ የቀረው ገመዱ ብቻ ነበር። ጀሪካኑ ፈንድቷል፤ ክዳኑ እስከ ዛሬ አልወረደም። ከዚያ ወዲህ ዳልጮ ዝግ ነገር አያምንም። ቤቱ ውስጥ የጨው ዕቃ እንኳ ተከድኖ አያድርም። ሱፐርቻርጀሩ አየር አምቆ እንደሚይዝ የሰማ ቀን ጀርባውን በላው። «ጃፓን የአርባ ምንጭን ሙቀት የት ያውቀዋል?» ብሎ ለማንም ሳይናገር፣ ለዕቃው አዝኖ፣ በስድስት ቁጥር መሰርሰሪያ በሳው።

«ጋሽ ዳልጮ» አለ ካሌብ፣ «በአፉ ያጎረስነውን በሆዱ እያስወጣነው ነበር እኮ! ኮምፒውተሩ የገባውን አየር ቆጥሮ ነዳጅ ይሰጣል፤ አየሩ ግን ሞተሩ ጋ ሳይደርስ ያፏጫል፣ ይወጣል። ነዳጁ ብቻውን ይቀራል። ጥቁሩ ጭስ እሱ ነው።»

ቀዳዳው ጥርስ ወጥቶለት በብሎን ተዘጋ። የድሮው ፑሊ ተመለሰ፣ ቺንጊያው በልኩ ተወጠረ፣ ካሌብ ነዳጁን ወደ መጀመሪያው መልሶ ጥቂት ጥቂት እያለ አስተካከለ። ሞተሩ ተነሣ። ካሌብ ነዳጅ ረገጠ። መለኪያዋ አራትን አለፈች፣ ስድስትን አለፈች፣ ስምንት ላይ ቆመች። ፉጨት የለም። ጥቁር ጭስ የለም። ሰው ሁሉ ጮኸ፤ ዳልጮ ከሁሉም በላይ ጮኸ። ጩኸቱ መሐላውን የሸፈነው መስሎት ነበር።

«ታፔላው» አሉ አቶ ኦይታ።

«አባባ፣ ያ እኮ በንዴት...»

«መሐላ መብላት ጎሜ ነው፣ እርም ነው። ነውሩ በአንተ ብቻ አይቀርም፤ ዝናብ ያስቀራል።»

«እኔ ጌታን የተቀበልኩ ሰው ነኝ፤ ጎሜ አይመለከተኝም።»

«ጌታ በሐሰት ማል ብሏል?»

«እሱማ ጭራሽ አትማሉ ነው የሚለው።»

«ታዲያ ለምን ማልክ?»

ዳልጮ መሰላል አምጥቶ ታፔላውን አወረደ።

«በዳይና ተበዳይ ይቅረቡ» አሉ አቶ ኦይታ።

«አባባ፣ አንድ ሰው ነው እኮ» አለ ካሌብ።

«ሥርዓት ሥርዓት ነው። ተበዳይ በመኪናዋ ቀኝ፣ በዳይ በግራ።»

ዳልጮ በቀኝ ቆመ። «ምን በደለህ?» ተባለ። «ሠላሳ ዓመት ያቆምኩትን ስሜን አፈር አበላብኝ!» አለ። «በዳይ፣ መልስ» ተባለ። ዳልጮ በመኪናዋ አፍንጫ ዞሮ ግራ ቆመ። «ለእሱው ብዬ ነው፤ እንዳይፈነዳ።» ዞሮ ተመለሰ። «እኔን አማክሮኛል?» ዞሮ ሄደ። «ባማክረው ይሰማል? እሱ ማንን ሰምቶ ያውቃል!» ይህችኛዋ ነካችው። ወደ ቀኝ ሲመለስ ዳልጮ በእውነት ተናዶ ነበር፤ የማይሰማ ተባለ በገዛ ጋራዡ! «አልታረቅም!» ብሎ ታፔላውን በሁለት እጁ ከአናቱ በላይ አነሣ።

ልክነሽ አፏን ያዘች። አቶ ኦይታ ግን ከቦዩ ዳር እርጥብ ሣር ነጭተው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዘይት በጠጣው መሬት ላይ ተንበረከኩ።

በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ቁጣ ሊያልፈው አይችልም። ዳልጮ ዓይኑን ከሣሩ ማንሣት አቃተው። ታፔላውን ዝቅ አደረገ። «ምሬዋለሁ» አለ። ከዚያ እየሮጠ ዞረና በግራ በኩል «አሜን» አለ።

«ታፔላው አይሰበርም» ብለው ፈረዱ አቶ ኦይታ፣ «ግን የማለ ራስ ይሸከመዋል። ነገ ከሲቀላ እስከ ሴቻ በእግርህ ትወጣለህ፤ ለጠየቀህ ሁሉ ምክንያቱን ትናገራለህ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። አፋፉን ውጣ እንግዲህ።»

ቅዳሜ ጠዋት ዳልጮ ታፔላውን በራሱ ተሸክሞ አቀበቱን ጀመረ። ያ ሚኒባስ መጣ። «አባባ፣ ቤትዎን ተሸክመው ወዴት ነው?» አለ ረዳቱ። ዳልጮ ቆሞ ሁሉንም ነገረው፤ ሃያው ሰው ሳቀ። ፍየሉ ግን አልሳቀም፤ ቅድም «ቢላዋ እንዳየ ፍየል» ያልኩትን ሳይሰማ አልቀረም። ሚኒባሱ ተነሥቶ መንገድ ሲጀምር ይፍሩና ካሌብ በቀዩዋ መኪና ከታች መጡ፣ የቆመ ይመስል አለፉት። ነፋሷ ታፔላውን እንደ ሸራ ነፋው፤ ዳልጮን ከመሬት ክንድ ያህል አነሣና ሁለት መታጠፊያ አሻግሮ ሴቻ አፋፉ ላይ አስቀመጠው። ጫማው ዘግይቶ ደረሰ።

አፋፉ ላይ ሕዝብ ከበበው። ዳልጮ ታፔላውን አወረደ፣ ላቡን ጠረገ፣ ከሕዝቡ መካከል ልክነሽን አያት። «ሰዎች» አለ፣ «ቀዳዳውን የበሳሁ እኔ ነኝ፤ ያገኘችው እሷ ናት። ልክነሽ፣ አመሰግናለሁ።»

ታፔላው ዛሬ ቦታው ተመልሷል፤ ሥሩ አንድ መስመር ተጨምሮበታል፦ «የጭስ ምርመራ በዳልጮ ተጀመረ።» ደንበኛው እጥፍ ሆኗል።

እንግዲህ ምያለሁና ልናዘዝ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዲት ነገር ከራሴ ፈጥሬ ጨምሬአለሁ። ጉማሬው አይደለም። ነፋሱም አይደለም፣ ጫማውን ያገኘው ሰው አለ። «አመሰግናለሁ» ብሏል ያልኳችሁ እሷ ናት። አላለም። እስካሁንም አላለም። ልክነሽን ሄጄ «አይከፋሽም?» ብዬ ጠየቅኋት፤ የክፍሏን በር በጭቃ እየመረገች ነበር።

«ሙዝ እንኳ ሳይታጠን አይበስልም» አለችኝ። «እሱንም እያጠንኩት ነው።»