ካምቢዮው ምን በደለ?

ባሌ «መኪናዋ ታማለች» ሲለኝ አመንኩት። እንዴት አላምነው! ዕድሜውን ሙሉ ትልቁን አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሰፈሩ እንኳ በስሙ አይጠራውም፤ «ካፒቴኑ» ነው የሚለው። እሱ ስለ መኪና ሲያወራ እኔ ምን አገባኝ ብዬ ዝም እላለሁ፤ በሌላው ነገር ሁሉ ዝም ስለማልል ይካካሳል።

መኪናዋ አሮጌ ናት። እኛ ጋ ከመምጣቷ በፊት ሁለት ባለቤት አይታለች፤ በሯ ሲዘጋ ሁለቴ መገፋት ይፈልጋል፣ ጠዋት ካልሞቀች ንቅንቅ አትልም። በዚህ ጠባይዋ «እሜቴ» የሚል ስም አወጣሁላት። የታመመው ደግሞ ካምቢዮዋ ነው ተባለ። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ሲያስገባ «ገርርር!» የሚል ድምፅ ይወጣል፤ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ፣ አላፊ አግዳሚውን ዞር የሚያደርግ ድምፅ። እሱ መሪውን በመዳፉ ይመታና «አለቀላት! ካምቢዮዋ አለቀላት!» ይላል።

እኔን ያንገበገበኝ ካምቢዮው አይደለም። ልጃችን ያገባችው ከዳገቱ ማዶ ነው፤ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ሕፃኑ ገና መቀመጥ መጀመሩ ነው። እሁድ እሁድ ሳንሄድ ቀርተን አናውቅም ነበር። ካፒቴኑ ግን «ዛሬ ዳገቱን አትወጣም»፣ «ዛሬስ መሀል መንገድ ትጥለናለች» ማለት አመጣ። በታክሲ ልሂድ ስለው ደግሞ ያኮርፋል። «ሹፌር ባል እያለሽ በሰው መኪና?» ይለኛል። ወይ አይወስደኝ፣ ወይ አያስወስደኝ! የልጅ ልጄ ሳያውቀኝ ሊያድግብኝ ነው!

መካኒካችን «ሬዲዮ» ይባላል፤ አፉ አንዴ ከተከፈተ ማጥፊያ የለውማ። እሜቴን ጋራዡ ይዘናት ስንገባ ሥሯ ገብቶ የካምቢዮውን ዘይት አፈሰሰና ጣቱን ነክሮ ወደ ብርሃን ያዘው።

«እዩት እትዬ፣ ጠቁሯል እንጂ ብረት የለበትም። ካምቢዮ ውስጡ ሲበላ ዘይቱ ላይ ብልጭልጭ የሚል ደቃቅ ብረት ይታያል። ይሄ ንጹሕ ነው። በሰዓቱ ዘይቱን እየቀየሩ ከያዟት ይቺ እኛን ትቀብራለች!»

ዘይቱ ተቀየረ፤ «ገርርር» ግን አልቀረም። የፍሪሲዮኑን ገመድ አጠበቀው፤ አልቀረም። ካፒቴኑ «ካምቢዮው ይውረድ፣ የፍሪሲዮኑ ሸራ ይታይ» አለ። ወረደ። ሬዲዮ ሸራውን በጣቱ እየለካ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ገና ወፍራም ነው» ቢለው «ቀይረው አልኩህ!» ብሎ ጮኸበት። ተቀየረ። ሬዲዮ እኛን ጭኖ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞሮባት ሲመለስ አንዲት ኮሽታ አልሰማንም።

«ጋሼ፣ ዝም አለች» አለ።

«እንግዳ ስታይ የምትጨምት ልጅ ናታ» አለ ባሌ። «የምትባልገው ከእኔ ጋር ብቻ ነው።»

ሳቅን። ሬዲዮም ሳቀ፤ ከዚያ ግን ባሌን አየት አድርጎ የሚለው ነገር አጣ። ሬዲዮ ቃል ሲያጣ ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። እኔ ሞኟ ደክሞት ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ወደ ቤት ስንመለስ ባሌ ነዳ። ገና ከጋራዡ በር ሳንርቅ «ገርርር!»

በሳምንቱ «እሸጣታለሁ» አለ።

«ሞቼ እገኛለሁ!» አልኩት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ገደል ትክተተን ነው የምትዪው? ካምቢዮዋ ሞቷል። ሌላ መኪና አልገዛም፤ በቃኝ።»

በቃኝ ያለበት ድምፅ አስደነገጠኝ። ያን ዕለት ልጃችን ደውላ «እማዬ፣ አባዬ ተቀይሞኝ ነው እንዴ የማትመጡት?» ስትለኝ ምን ብዬ ልመልስላት! ካምቢዮ ነው አልኳት። «ካምቢዮ» አለች እየሳቀች፤ ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ገባሁና አለቀስኩ።

ገዢው ቅዳሜ ጠዋት መጣ፤ ቆብ ያደረገ፣ ደልደል ያለ ሰው። ካፒቴኑ ቁልፉን ሰጠው። «አንተው ንዳትና ችግሯን በጆሮህ ስማ። ደብቄ የምሸጥ ሰው አይደለሁም» አለው ኩራት ብሎ። እሱ ከፊት ከገዢው ጎን ተቀመጠ፣ እኔ አኩርፌ ከኋላ።

ገዢው አስነሳት። አንደኛ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። ምንም! ባሌ «እስቲ ሁለተኛውን ደግመህ አስገባ» አለው። ደግሞ አስገባ። ምንም። ትንሿን ዳገት ወጣን፣ ወረድን፤ ሰውየው ቆመና የኋላ ማርሽ ሳይቀር ሞከረ። እሜቴ ትንፍሽ አላለችም።

«የኔ አባት፣ የቱ ጋ ነው የታመመችው?» አለ ገዢው።

እኔ ከኋላ ሆኜ ባሌን ሳየው ግራ እጁ ከኮቱ ሥር ገብቶ ግራ ጉልበቱን ያሻል። ያኔ ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ደረጃውን የብረቱን ድጋፍ ይዞ አንድ በአንድ የሚወጣው። ጫማውን አልጋ ላይ ተቀምጦ የሚያስረው። ፍሪሲዮን የሚረገጠው በየትኛው እግር ነው? በግራ! እስከታች ካልተረገጠ ማርሹ ይጮሃል፤ ይህንን ደግሞ ያስተማረኝ ራሱ ነው። መንገድ ላይ ጀማሪ ሹፌር ባየ ቁጥር «ፍሪሲዮን በግማሽ የሚረግጥ ካምቢዮ ገዳይ ነው» ሲል ስንት ዓመት ሰማሁት!

ወይ ጉድ! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው። ዘይት ቀይር፣ ገመድ አጥብቅ፣ ሸራ ለውጥ! ይሄ ሁሉ መከራ ምንም ባልሠራችው መኪና ላይ! እዚያው አንገቱን ልይዘው ነበር። ግን የባሌን ገመና በእንግዳ ሰው ፊት አላወጣም።

ግቢያችን ተመልሰን ገዢው ሞተሩን ሲያጠፋ «አይሸጥም» አልኩ።

«እናቴ፣ ባለቤቱ እሳቸው መስለውኝ...»

«እሱም ባለቤት ነው፣ እኔም ባለቤት ነኝ። አይሸጥም። ስለድካምህ ይቅርታ።»

ሰውየው ወደ ባሌ ዞሮ ቁልፉን መለሰለት፤ ባሌ አቀርቅሯል። «ሰው እንዲህ አያለፉም!» እያለ ሄደ። እኔ ከኋላ ወርጄ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና በሩን ሁለቴ ገፍቼ ዘጋሁት።

«ጉልበትህ ነው» አልኩት።

ይክዳል ብዬ ነበር። አልካደም። «እስከታች አይሄድልኝም» አለ ቀስ ብሎ። «ግማሽ ላይ ሲደርስ እንደ መርፌ ይወጋኛል።»

«ለምን አልነገርከኝም? ሐኪም አለ፣ ምን አለ...»

«ሐኪሙ ዘንድማ ብቻዬን ሄጄ ነበር። መጋጠሚያው አልቋል አለኝ። እንደ ፍሪሲዮን ሸራ በይው። የኔ መለዋወጫ የለውም እንጂ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ አንተ ሰውዬ!»

«መድኃኒቱንማ ነገረኝ። መንዳት አቁም አለኝ።» ጉልበቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «መኪናዋ ተበላሸች ቢባል መኪና ነው፣ ይበላሻል። እኔ አልቻልኩም ከምል... ሹፌር ካልሆንኩ ምንድን ነኝ?»

ንዴቴ ያኔ ጥሎኝ ሄደ። ይሄን ሰው እወደዋለሁ፤ ምን ላድርግ። አቅፌው ባለቅስ ደስ ባለኝ፣ ግን እሱ የሚያዝኑለትን ሰው አይወድም።

«ባሌ ነሃ» አልኩት። «የሕፃን አያትም ነህ። ቁልፉን ወዲህ በል።»

«አንቺ?»

መንጃ ፈቃድ እኮ አለኝ! ልጅ ሆኜ አውጥቼ በየጊዜው እያሳደስኩ የማስቀምጠው። መሪ ልያዝ ባልኩት ቁጥር «ፍሪሲዮን ታቃጥያለሽ» እያለ ሲከለክለኝ ኖሯል። አሁን ግን ቁልፉን ሰጠኝ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ አያድርስ ነው። እሜቴ እንደ እንቁራሪት ዘላ ሞተሯ ጠፋ። ሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ከግቢ ወጣን። መሪውን ይዣለሁ፣ ፍሪሲዮኑንም እስከታች እረግጣለሁ፤ ጉልበቴ ደህና ነው። ማርሽ ለመቀየር ግን የግድ ዝቅ ብዬ ዘንጉን ማየት አለብኝ፣ ያን ጊዜ መኪናዋ ወደ ቦዩ ታዘነብላለች።

«ዐይንሽን ከመንገዱ አትንቀዪ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ተይው። አንቺ እርገጪ፣ እኔ አስገባለሁ።»

ግራ እጁን ዘንጉ ላይ አደረገ። እኔ ረገጥኩ፤ እሱ አስገባ። ሁለተኛ ማርሽ ድምፅ ሳታሰማ ገባች። ደግሞ «ሦስት» አለ፣ ረገጥኩ፣ አስገባ። ዳገቱ ጋ ስንደርስ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ «ወደ ሁለት እንመልሳት» አለ። እሜቴ ዳገቱን እያጓራች ወጣችው። ልጃችን በሩ ላይ ሕፃኑን ታቅፋ ስታየን፣ እኔን መሪ ላይ አባቷን ዘንግ ላይ፣ «ጉድ ነው! አንድ መኪና ለሁለት?» ብላ እስክታለቅስ ሳቀች። ካፒቴኑ ሕፃኑን ተቀብሎ እንዲህ ሲል ሰማሁት፦ «አያትህ መሪውን ያዘች፤ ካምቢዮው ግን የኔ ነው።»

ከዚያ ወዲህ አንድም እሁድ አልቀረንም። ሬዲዮ ሲያየን «እትዬ፣ በዕድሜዬ የደበቅኳት አንዲት ምስጢር ያቺ ናት» አለኝ፤ ያን ቀን ገብቶት ኖሯል፣ ካፒቴኑን እንዳያዋርድ ብሎ ነው። እኔንም ባሌ በሌለበት ጋራዡ ግቢ ውስጥ እያስነዳኝ ዘንጉን ሳላይ መቀየር አስተማረኝ። አሁን ከአንደኛ እስከ መጨረሻው ብቻዬን አስገባለሁ። ለባሌ አልነገርኩትም። ለምን እነግረዋለሁ?

ባለፈው እሁድ ከልጃችን ቤት ስንመለስ ሕፃኑ ካፒቴኑን ሲያደክመው ውሎ ኖሮ እጁን ዘንጉ ላይ እንዳደረገ አንቀላፋ። ኩርባው መጣ፤ ማርሽ መቀነስ አለብኝ፣ እሱ ደግሞ ያንኮራፋል። ልቀሰቅሰው አሳዘነኝ። ፍሪሲዮኑን ረገጥኩና እጄን በእጁ ላይ ጭኜ ዘንጉን ከነእጁ ወደ ሁለተኛ ሳብኩት። ጸጥ ብላ ገባች።

«ጥሩ አስገባሽ» አለ፣ ዐይኑን ሳይገልጥ።

እጁን ግን አላነሳም። እኔም አላነሳሁም።