ኮርቻውን የያዘ እጅ

«አሸብር፣ ዳኛ መስለህ ተሰየምክብን እኮ!» አለ ጠሀ ከምንጣፉ ላይ ቀና ብሎ።

ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሰዎች ፈገግ አሉ። የለቅሶ ቤት ፈገግታ እንደ ሳል ነው፤ አፍን በእጅ ከድኖ ነው የሚወጣው። አሸብርም ፈገግ ለማለት ሞከረ፣ ከንፈሩ ግን እምቢ አለው። ሰው ሁሉ ጫማውን አውልቆ ፍራሽና ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። እሱ ብቻ ትራስ የተደረበበት የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ከሐጂዎቹ ጥምጣም በላይ ከፍ ብሎ፣ ከዘራውን ጨብጦ ጉብ ብሏል። የቀኝ ዳሌው መገጣጠሚያ ወጥቶ በምትኩ ብረት ገብቶለታል። ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ብረቱ ከቦታው ሊወልቅ እንደሚችል ሐኪሙ አስጠንቅቆታል።

ጠሀ የሟቹ የሙናዊር ታናሽ ወንድም ነው። የቀለደው ሊያጽናናው እንደሆነ አሸብር ያውቃል። ግን ከፍ ብሎ መቀመጡ አስፈርቶታል። እዚያ ላይ ሆኖ ከማንም ዓይን አይሰወርም። እሱም ከዚያ ላይ ሆኖ ማየት የማይፈልገውን ያያል፤ በድንኳኑ መግቢያ በኩል፣ ከለቀስተኛው የጫማ ክምር አጠገብ፣ ሳይክሉ የግቢውን ግንብ ተደግፎ ቆሟል። እሁድ ዕለት ሙናዊርን ተሸክመው የመጡት ሰዎች አብረው አምጥተው እዚያ አቆሙት። ይኸው ሦስተኛው ቀን፣ ማንም አልነካውም።

ከኋላው ሁለት ሰዎች ያንሾካሹካሉ።

«ያ ነው ሳይክሉ?»

«አዎ። ይኼን ሰውዬ ከኋላ ይዞ ሲሮጥ ነው አሉ ልቡ የቆመው።»

«በዚህ ዕድሜ ሳይክል ላይ ምን ሰቀለው?»

«አንዱ ሲያብድ ሌላው ያግዘዋል፤ ጓደኝነት እንዲህ ነው።»

አሸብር አልዞረም። ከዘራውን አጥብቆ ያዘ።

እሱ ጎጃም በረንዳ ማር ነጋዴ ነው። ሙናዊር ደግሞ ከሲኒማ ራስ ጀርባ፣ አንድ ሰው ሲገባ ሌላው መውጣት ባለበት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሳይክል ይጠግን ነበር። ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ እሁድ እሁድ፣ አንዱ ከሱብሂ ሶላት፣ ሌላው ከኪዳን መልስ ይገናኙና ወደ ሱሉልታ ይነዱ ነበር። በኋላ የአሸብር ዳሌ እየተበላ ሄደ። መጀመሪያ ዳገት ከለከለው፣ ከዚያ ደረጃ፣ በመጨረሻም እንቅልፍ። ቀዶ ሕክምናው ሲያልፍና ወራት ሲቆጠሩ ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ አየና፣ «ሳይክል መንዳት ይችላሉ፤ መውደቅ ግን አይችሉም» አለው።

አሸብር ከሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች የሰማው ሁለተኛውን ብቻ ነበር። ወደ ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ለሸዋገነት፣ «በቃ፣ ሳይክሉን እሸጠዋለሁ» አላት። እሷም አማተበች፣ እሰይ ስትል።

በሳምንቱ ሙናዊር አንድ ሳይክል እየገፋ ማር ቤቱ በር ላይ ቆመ። ከኮርቻው እስከ መሪው የሚዘረጋው ብረት የለውም፤ እግርን ሳያነሱ የሚሻገሩት ዓይነት ነው።

«ይኼማ የሴት ነው!» አለ አሸብር።

«አንተስ እግርህን እንደ ወንድ ታነሳለህ? ና ውጣ!»

ልምምዱ የተጀመረው እዚሁ ሙናዊር ቤት ደጃፍ፣ ጠባቡ ቅያስ ውስጥ ነው። ሙናዊር ኮርቻውን ከኋላ ይዞ ይሮጣል። አሸብር መሪውን አንቆ፣ «ያዝከኝ?» ይላል። «ይዤሃለሁ!» «ያዝከኝ ወይ?» «ይዤሃለሁ አልኩህ እኮ፣ አንተ ፈሪ ጎጃሜ!» የቅያሱ መታጠፊያ ጋ ሲደርስ አሸብር ደወሉን አንዴ ያቃጭላል፤ ደረስኩ ማለቱ ነው። ያኔ ሙናዊር ጌታው እንደጠራው አሽከር ጎንበስ ብሎ፣ «አቤት!» ይላል። ግቢ ውስጥ ያለችው ሚስቱ መሊካ ስትስቅ ይሰማል።

ከዚያ ወደ ጎጃም በረንዳ ወረዱ። እሁድ ማለዳ ሱቁ ዝግ፣ ጋሪው የለ፣ አስፋልቱ ባዶ ነው። አሸብር ግን ፍርሃቱ አልለቀቀውም። ሙናዊር ከኋላው ሲያለከልክ ካልሰማ ፔዳሉን አይረግጥም ነበር።

«ጋሼ።»

ቀና አለ። የሙናዊር ልጅ ኢክራ ናት፤ ዓይኗ አብጧል።

«እማዬ ትጠራዎታለች።»

ሲፈራው የሰነበተው ይኼንን ነው። ከቀብሩ ወዲህ መሊካ አንድም ቃል አልተናገረችውም። ከዘራውን ተመርኩዞ ተነሳ። ሠላሳ ዓመት እንደ ቤቱ የገባበትን ግቢ እንደ ባዕድ እያነከሰ አቋረጠው።

መሊካ በረንዳው ላይ፣ ከሴቶቹ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀምጣለች። ኢክራ ወንበር አመጣችለት፤ ሁለተኛ ትራስም ደረበችበት። መሊካ አየችና፣

«ያንን የሰርጌን ትራስ ስጪው፤ ያኛው ይሰምጣል» አለች።

ይኼ ደግነት ከቁጣ ይልቅ አስፈራው።

«ሲወድቅ ጠርቶህ ነበር?» አለችው ድንገት።

ያን እሁድ አሸብርና ሙናዊር ከጎጃም በረንዳ ዳገት አናት ተነስተው ነበር። የሙናዊር ትንፋሽ ከኋላው ይሰማው ነበር። ከዚያ ቁልቁለቱ ተቀበለው፤ ነፋሱ ጆሮውን ሞላው፤ ብረቱንም፣ ሐኪሙንም፣ እግሩንም ረሳ። ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሲቃረብ ፍሬን ያዘና ደወሉን አቃጨለ። «አቤት» የሚል ጠፋ። ቀልድ መስሎት ደገመው። ሲዞር ከላይ አስፋልቱ ላይ አንድ ጥቁር ነገር ተዘርግቷል። ቅዳሜ ከጋሪ የወደቀ ጆንያ ነው ብሎ አሰበ። መርካቶ ውስጥ የወደቀ ጆንያ ማንን ያስደነግጣል?

«አልሰማሁም፣ መሊካ» አለ። «እየሳቅኩ ነበር።»

ለማንም ያልተናገረው ይህን ነበር። አሁን ትነሳለች፣ በሰው ፊት ታባርረኛለች ብሎ ጠበቀ። መሊካ የሻርፗን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች።

«ትላንት ብትነግረኝ አንተ ነህ የገደልከው እልህ ነበር» አለች በመጨረሻ።

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ደክሞኛል።» ሻርፗን ለቀቀችና፣ «ድሮውንም አልያዘህም እኮ» አለችው።

«ምን?»

«ስንት ሳምንቱ! ኮርቻህን አይዝም ነበር። እጁን ኪሱ ከቶ ነበር ከኋላህ የሚሮጠው። ቁርስ ላይ እያስመሰለ ሲያለከልክ ያስቀን ነበር፤ ኢክራን ጠይቃት። ንገረውና ተገላገል አልኩት። ካወቀ ይወድቃል አለኝ።»

አሸብር ወደ ኢክራ ዞረ። ልጅቷ እያለቀሰች ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ይህ ሊያጽናናው ይገባ ነበር። ያጽናናው ግን አልመሰለውም፤ የቆመበት ወለል እንደሌለ በድንገት የተነገረው ሰው ሆነ። ያን ሁሉ እሁድ ይዞት የነበረው ነገር ትንፋሽ ብቻ ነበር። አሁን እሱም የለም። ካወቀ ይወድቃል። ይኸው አወቀ።

«ሳይክልህን ዛሬ ውሰድልኝ» አለች መሊካ።

«አሁኑኑ ኩሊ ጠርቼ አስወስደዋለሁ።»

«ሙናዊር ያን ያህል የሮጠው ሳይክልህን ኩሊ እንዲሸከመው ነው?»

«መሊካ፣ አልችልም። እፈራለሁ።»

«እኔስ? ዒዳ ላይ ነኝ። አራት ወር ከአሥር ቀን ከዚህ ደፍ አልወጣም። ይህን ሁሉ ጊዜ ያንን ሳይክል እዚያ ቆሞ እያየሁት ልቀመጥ? ኩሊ ወሰደው የሚል ወሬም ልስማ? ተነስ።»

ተነሳ። ከድንኳኑ ሰዎች አንገታቸውን አወጡ። ጠሀ በባዶ እግሩ ሮጦ መጣና፣ «አሸብር፣ ምን እያደረግክ ነው? ሌላ ሬሳ እንድናነሳ ነው?» አለ። መሊካ እጇን ከፍ አድርጋ አስቆመችው።

ከዘራውን ለኢክራ ሰጣት። ሙናዊር እንዳስተማረው ሳይክሉን ወደ ራሱ ዘንበል አድርጎ የታመመውን እግር አሳለፈና ተቀመጠ። ከፊቱ የግቢው በር ወለል ብሏል፤ ከበሩ ወዲያ ቅያሱ፣ ከቅያሱ ወዲያ የመርካቶ ጩኸት፤ የሚኒባስ ረዳት፣ ጋሪ፣ «ጀርባ! ጀርባ!» የሚል ተሸካሚ። አንድ ሰው ቢገፋው፣ አንድ ድንጋይ ቢያዳልጠው፣ ብረቱ ይወልቃል።

«አልችልም» አለ በሹክሹክታ።

ያኔ ኮርቻው ከኋላው ሲጸና ተሰማው። መሊካ ኮርቻውን ይዛለች። እጇ ከሙናዊር እጅ ይቀላል፤ ግን ይይዛል።

«ሂድ።»

ፔዳሉን ረገጠ። ሁለት እርምጃ፣ ሦስት፤ የጫማዋ ኮቴ ከጎኑ ይሰማዋል። የበሩ ደፍ ቀረበ። እሷ ከዚያ እንደማታልፍ ያውቃል። እዚያ ሲደርስ የፊት ጎማው በደፉ ላይ ዘለል አለ፤ ኮርቻውም ቀለለ።

ወደ ኋላ አልዞረም። ባለፈው ሲዞር ያየውን ያውቀዋል። ሳይክሉ ወደ ግራ ተወላገደ፤ ግንቡ ክርኑን ሊጭረው ደረሰ፤ ጮኸ ይሁን አልጮኸ አላወቀም። መሪውን መለሰው። የሚያለከልክ የለም። የሚሰማው የራሱ ትንፋሽና የካቴናው ድምፅ ብቻ ነው። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ፍሬኑን ያዘ፤ ደኅናውን እግር መሬት ላይ አሳረፈ።

አውራ ጣቱን ደወሉ ላይ አድርጎ ቆየ። ከዚያ አንዴ አቃጨለው።

ቅያሱ ጸጥ አለ። ሊሄድ እግሩን ፔዳሉ ላይ ሲያደርግ፣ ከኋላው፣ ከደፉ ውስጥ፣ በለቅሶ የተዘጋ የሴት ድምፅ መጣ።

«አቤት።»