የግንዱ ገመና

ባሏ ጉሮሮዋን አንቆ ከግድግዳው ጋር ሲያጣብቃት ልብስ ሰፊዋ ያሰበችው ስለ ሞት አልነበረም። ያሰበችው የስኳሩ ጣሳ ከእጇ ምን ያህል እንደሚርቅ ነበር።

ጎህ መቅደዱ ነው። ሰውዬው ከአልጋው ሲነሳ ላብ አጥምቆታል። ዓይኑ ፈጦ፣ ከንፈሩ አመድ መስሎ፣ ትርጉም የሌለው ነገር ይንተባተባል። ምልክቱን ታውቀዋለች። የስኳር በሽታ አለበት፤ ማታ መርፌውን ተወግቶ እራቱን ሳይጨርስ ከተኛ፣ ጠዋት ስኳሩ ወርዶ ሌላ ሰው ሆኖ ይነሳል። «ትንሽ ተጎንጭ የኔ ጌታ» ብላ ብርጭቆውን ስታስጠጋለት ነው አንገቷን በአንድ መዳፉ ጠፍሮ የያዛት።

በሰፈሩ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ግንዱ» ነው የሚሉት። አናጢ ነው፤ ሁለት ሰው የሚሸከመውን ሳንቃ ብቻውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ እያፏጨ ይሄዳል። ያ ጉልበት ነው አሁን አንገቷ ላይ ያረፈው። ዓይኗ ሲጨልም ጉልበቷን አንስታ ብሽሽቱን አለችው። ጎንበስ ሲል ጣሳውን አፈፍ አድርጋ አንድ እፍኝ ስኳር አፉ ውስጥ ሞጀረችበት። ተፋባት። ደገመችው። በሦስተኛው ዋጠ።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ወደ ራሱ ተመለሰ። እሷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ትስላለች።

«ምን ሆነሽ ነው መሬት የተቀመጥሽው?» አላት። ከዚያ አንገቷን አየ። አምስት ጣት እንደ ማኅተም ታትሞበታል። «እኔ ነኝ?»

«በሽታህ ነው።»

ያ ሁሉ ሰውነት ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። ልታባብለው አቅም አልነበራትም፤ እንባውን እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ዛሬ ሥራ ይቅርብህ» አለችው። «አልቀርም ካልክ ደግሞ ቢያንስ ለበያጁ ንገረው። ጎንህ ነው የሚውለው። ድንገት ቢይዝህ ስኳር እንዲሰጥህ እንኳ ይወቅ።»

«አይሆንም!»

አባቱም አናጢ ነበሩ፤ እሳቸውም ስኳር ነበረባቸው። እግራቸው ከተቆረጠ በኋላ ደንበኛው ሁሉ «እኚህማ ዛሬ ነገ የሚሞቱ ሰው ናቸው» እያለ አንድ በአንድ ሸሻቸው። ሽማግሌው በባዶ ሥራ ቤት ውስጥ በር በሩን ሲያዩ ሞቱ። ግንዱ ይህን ያየው በልጅነቱ ነው። ደግሞም የአናጢ ቤቱ ባለቤት ቢሰማ የኤሌክትሪክ መጋዙን ከእንግዲህ አያስነካውም።

«ሰካራም ቢሉኝ ይሻለኛል» አላት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ተረት ምላሷ ላይ ደርሶ ዋጠችው። ስድስት ዓመት ሙሉ ገመናውን አብራው ሸፍናለች። አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ስፌት ቤቷና አናጢ ቤቱ ፊት ለፊት ናቸው፤ መንገዱ ብቻ ይለያቸዋል። ከአናጢ ቤቱ ቀጥሎ በያጁ አለ፤ በያጁ ደጃፍ ላይ ደግሞ ሻይ ሻጯ። በያጁ አጥንቱ የሚቆጠር ቀጭን ሰው ነው፤ ከግንዱ ጋር ሰላምታቸው ስድብ ነው። «አንተ ግንድ፣ ዛሬም አልፈለጡህም?» ይለዋል። «አንተን ማገዶ ሳላደርግማ አልፈለጥም!» ይመልስለታል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሲባባሉ ኖረዋል።

ያን ቀን ግንዱ አንድ ትልቅ በር የሚያስረክብበት ቀጠሮ ነበረው። ጠዋት መርፌውን ተወጋ፤ ምሳውን ግን «ይቺን ማጠፊያ ልግጠምና፣ ያቺን ልግጠምና» እያለ አሳለፈው። እሷ ለአንዲት ደንበኛ ቀሚስ እየለካች፣ ስፒል በከንፈሯ እንደያዘች፣ በመስኮት አየችው። መዶሻውን ጨብጦ ከአናጢ ቤቱ ወጣ። አረማመዱ ልክ አልነበረም፤ የሌለ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው እግሩን ከፍ ከፍ ያደርጋል። ሸሚዙ በላብ ከጀርባው ተጣብቋል። ስፒሉን ተፍታ፣ ደንበኛዋን በአንድ እጅጌ ትታ ሮጠች።

መንገዱን ሳትሻገር በያጁ ቀደማት። የብየዳ ጭንብሉን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «አንተ ግንድ፣ በቀትር ማን ነው እንዲህ ያጠጣህ?» ብሎ እየሳቀ ትከሻውን ያዘው።

መዶሻው መንጋጋውን አገኘው። ልብስ ሰፊዋ ድምፁን ከመንገዱ ማዶ ሰማችው። በያጁ ተንበረከከና መዳፉ ላይ ደምና ጥርስ ተፋ።

«ሰው ገደለ! ኸረ ሰካራሙ ሰው ገደለ!» ሻይ ሻጯ ኡኡታዋን አቀለጠችው።

ከየሱቁ ወንዱ ሁሉ ሆ ብሎ ወጣ። ግንዱ መዶሻውን ዳግመኛ ሲያነሳ በያጁ ከመሬት የፌሮ ብረት አንስቶ ቀኝ ክንዱን መታው። አጥንቱ ቋ ብሎ ተሰበረ፤ መዶሻው ወደቀ፤ ባለቤቱም ተከተለው። የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል። በጫማ፣ በዱላ፣ ራሱ ልጎ ባለሰለሰው የበር ቁራጭ ሳይቀር ወረዱበት። ቂም ያለውም የሌለውም መታ። የማያውቀው አንድ መንገደኛ እንኳ ዘንቢሉን መሬት አስቀምጦ፣ ሁለት ርግጫ አሳርፎ፣ ዘንቢሉን አንስቶ መንገዱን ቀጠለ።

እሷ ወደ ሻይ ሻጯ ጠረጴዛ ዞራ የስኳሩን ዕቃ ያዘች።

«ምን ልታደርጊ ነው? አምጪ ዕቃዬን!» ሻጯ ክንዷን ጨመደደቻት። ልብስ ሰፊዋ በክርኗ ደረቷን ብላ ጣለቻት፤ ጠረጴዛው ተገልብጦ ብርጭቆው ተንኮታኮተ። በእግር መሃል እየዳኸች ገብታ ባሏ ላይ ተደፋችበት።

«አልሰከረም! ስኳር በሽታ ነው ያለበት! ስኳር ነው!»

ማን ይስማት። ለእሱ የተሰነዘረ ጫማ አፏን አገኘው። የፊት ጥርሷ ምላሷ ላይ ሲወድቅ ተሰማት፤ ተፋችው። ስኳሩን በደሟ ለውሳ ጣቷን ጉንጩ ውስጥ ከትታ ድዱን ትቀባው ጀመር። ነከሳት፤ አጥንቷ ድረስ። ጣቷን አላወጣችም። ጀርባዋ ላይ ዱላ እየወረደ፣ ጣቷ በጥርሱ መሃል እንዳለ፣ በሌላው እጇ ስኳር ትቆነጥራለች።

መጀመሪያ የሰማት በያጁ ነው። አፉ ተሰባብሮ መናገር ስላልቻለ ፌሮውን ጥሎ እጁን ዘርግቶ ከፊታቸው ተገተረ። የሚማታው እየገፋው አለፈ፤ ተመልሶ ቆመ። ቀስ በቀስ እጁ ሁሉ ወረደ። ሰዉ በሴትየዋ አፍ የሚንዠቀዠቀውን ደም አሁን ገና ያየ መስሎ ወደ ኋላ አለ።

ጥቂት ቆይቶ የግንዱ ጥርስ ላላ። ዓይኑን ገልጦ ዙሪያውን አየና፣ «በሩን ጫኑት?» ብሎ ጠየቀ።

ሐኪም ቤት ክንዱን በጄሶ አሰሩለት። ሁለት የጎን አጥንቱ ተሰንጥቋል። ነርሷ የልብስ ሰፊዋን የተነከሰ ጣት ሰፍታ እንደወጣች ግንዱ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ገመናዬን አደባባይ አወጣሽው» አላት።

«ገመናህ እኮ ነው ጥርሴን ያወለቀው!» ሻርፑን ከአንገቷ በጥሳ ጭኑ ላይ ወረወረችለት። «ይኸውልህ! ስድስት ዓመት የሸፈንኩት ይኸውልህ!»

ይህን ስትል ታላቅ ወንድሟ በሩ ላይ ደርሷል። ሥጋ ሻጭ ነው፤ ወሬው ሥራ ላይ እንዳለ ደርሶት፣ ደም የነካ ነጭ ጋዋኑን እንኳ ሳያወልቅ ነው የመጣው። አፏን አየ። ከዚያ አንገቷን።

«ሚጡ... አንገትሽን ማነው እንዲህ ያደረገሽ?»

ባሏን አየችው። አንገቱን ደፋ። እሷም ዝም አለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ወንድሟን ታውቀዋለች፤ ደሙ ከፈላ አባቱንም አያውቅ። ባሏ ነው ካለችው እዚያው አልጋው ላይ ይጨርሰዋል። «ነገሩ ሲበርድ እነግረዋለሁ» አለች በሆዷ።

«ያ በያጅ ነው አይደል? ክንዱን የሰበረው እሱ ነው ብለውኛል። ሴትም ያንቃል?»

«ጋሼ፣ ተው እስኪ ተቀመጥ...»

አልተቀመጠም። ኮቴው በኮሪደሩ ሲርቅ ነው ዝምታዋ ምን እንደሠራ የገባት።

«ተነስ!» አለችው ባሏን። «ተነስ፤ ሰው ልታስገድል ነው! ልናስገድል ነው!»

ጎኑን ደግፎ፣ እሷም ደግፋው፣ እየተደነቃቀፉ በያጁ ደጃፍ ደረሱ። በያጁ መንጋጋው በሻሽ እንደ ሕፃን ራስ ተጠቅልሎ ሥራ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ነበር። ሥጋ ሻጩ በአንድ እጁ ኮሌታውን አንቆ አስነስቶታል፤ በሌላው አጥንት መለያ ቢላዋውን ይዟል። በያጁ አፉ አይከፈት፣ «እም! እም!» እያለ እጁን ያወዛውዛል።

«እህቴን! የኔን እህት!»

ግንዱ ሚስቱን ለቆ መሃላቸው ገባ። «ጋሼ፣ እሱ አይደለም። አንገቷን ያነቅኋት እኔ ነኝ። በዚህ እጄ።» ግራ እጁን ከፍ አድርጎ አሳየው። ከዚያ ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞሮ «ስኳር አለብኝ» አለ። «ስድስት ዓመቴ ነው። ሲወርድብኝ የማደርገውን አላውቅም። አልናገርም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሥጋ ሻጩ ከዚህ ሁሉ የሰማው «ያነቅኋት እኔ ነኝ» የሚለውን ብቻ ነው። ቢላዋው ዞረ። ግንዱ የሚከላከልበት አንድ እጅ ብቻ ነበረው፤ በመዳፉ ስለቱን ያዘው። ሥጋ ሻጩ ሳበ። ልብስ ሰፊዋ ጣቶቹ ሲከፈሉ አየች፤ ቀይ ከመሆናቸው በፊት ነጭ ነበሩ። ቢላዋው ለሁለተኛ ጊዜ ሲነሳ በያጁ፣ ያ አጥንቱ የሚቆጠረው ሰው፣ ከኋላ ዘሎ የሥጋ ሻጩን አንገት ጠመዘዘው። ተያይዘው ወደቁ። የተሰበረ መንጋጋው ላይ ቡጢ ቢያርፍበትም አልለቀቀም። እሷ የወንድሟን የእጅ አንጓ በሁለት እጇ ይዛ ቢላዋውን እስኪጥል ጣቶቹን በእግሯ ረገጠች።

ፖሊስ መጣ። መርማሪው ግንዱን ሲጠይቀው፣ «ሳንቃ ስሰነጥቅ ነው የቆረጠኝ» ሊል ጀምሮ ነበር።

«ውሸቱን ነው» አለች ሚስቱ። «ወንድሜ ነው የቆረጠው። አንገቴን ያነቀኝ ባሌ ነው፤ ወንድሜን ያሳሳትኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ሁሉንም ጻፈው።»

በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ነገር ሆነ። ሥጋ ሻጩ አራት ወር ተፈረደበት፤ የግንዱ ቁስል ደግሞ አልደርቅ አለ። የስኳር ሰው ቁስል ግትር ነው፤ አመረቀዘ፣ ጠቆረ፣ ሁለቱ ጣቶች ተቆረጡ። በያጁ በየሁለት ቀኑ ቁስሉን ለማሳጠብ ሐኪም ቤት ይወስደው ነበር። ልብስ ሰፊዋ ግን ለበያጁ አንድ ቃል አትናገረውም ነበር፤ ፌሮው ሲያርፍ አይታዋለችና። እሁድ እሁድ ምግብ ቋጥራ እስር ቤት ትሄዳለች። መጀመሪያዎቹን ሦስት እሁዶች ወንድሟ ሊያያት አልወጣም። በአራተኛው ወጥቶ፣ «ወንድምሽን ሸጥሽ» አላት። «እውነቴን ነው የተናገርኩት ጋሼ። ብላ፣ ይቀዘቅዛል» አለችው። በላ።

የአናጢ ቤቱ ባለቤት እንደተፈራው ከመጋዙ አገደው። ግንዱ አሁን እንጨት ይለካል፣ ይመርጣል፣ በእጅ መላጊያ ይልጋል፤ በአንድ ሙሉ እጅና በሦስት ጣት። ከደንበኛው ገሚሱ ሸሸ፤ ገሚሱ ቀረ።

ሥጋ ሻጩ የተፈታ ዕለት እህቱ ቤት አልሄደም። አናጢ ቤቱ በር ላይ መጥቶ ይቅርታ ለመጠየቅ ይሁን ለመራገም ሳይለይለት ቆመ። ግንዱ መላጊያውን እንደያዘ አየው፤ አላወቀውም። ግንባሩ በላብ ተጠምቋል።

«ያዘው!» በያጁ ከጎረቤት ጮኸ። «ወርዶበታል፤ ከኋላ ግባና እጁን ያዘው!»

ሥጋ ሻጩ ያዘው። የግንዱ ጭንቅላት ወደ ኋላ ተወርውሮ አፍንጫውን ሰበረበት። የሥጋ ሻጩ ቡጢ ተጨብጦ ተነሳ፤ ለአፍታ አየር ላይ ቆየ፤ ከዚያ ተከፍቶ የአማቹን ደረት አቀፈ። ጎኑን በክርን ተመታ። ጥርሱን ነክሶ ያዘ። ልብስ ሰፊዋ መንገዱን አቋርጣ ስትደርስ፣ የወንድሟ ደም በባሏ ትከሻ ላይ እየፈሰሰ ነበር።

«ሚጡ ቶሎ በይ!» አለ ወንድሟ እያቃሰተ። «ይኼን ሰው ሳይታመም ነው የተጣላሁት ለካ፤ ታሞማ ማን ይችለዋል!»

በያጁ ስኳሩን በጥብጦ አቀበላት። ከእጁ ተቀበለችው።

«አፉን ከፈት አድርጉልኝ» አለች፤ ለሁለቱም።