የእትዬ የልብ ምት

ጋሼ ድንጋጤ ይሉታል። ስሙን ያወጡለት የሲኒማ ቤት ትኬት ቆራጮች ናቸው፤ የእሱ ፊልም በታየ ቁጥር ከአዳራሹ ሮጦ የሚወጣ ሰው እየገፈተራቸው ስለሚያልፍ። አስራ አንድ አስፈሪ ፊልም ሠርቷል። ሰው ሁሉ ደፋር ይመስለዋል እንጂ፣ ሰውዬው የለየለት ፈሪ ነው። ውሻ ያለበት ግቢ አይገባም። ስልክ በድንገት ከጮኸ ከወንበሩ ይነሳል። ሐኪም ቤት የሚባል ነገርማ ስሙ ሲነሳ እንኳ ወሬ ያስቀይራል።

ሥራውን የጀመረው ሠርግ በመቅረጽ ነበር። አንድ ቀን ሙሽሮቹን ትቶ በሩ ጥግ ብቻቸውን የቆሙትን የሙሽራውን አጎት አራት ደቂቃ ሙሉ ቀረጻቸው። የሙሽራዋ እናት ካሴቱን አይታ፣ “ልጄን የሰጠሁት ለማን ነው?” ብላ አለቀሰች። እሱም ተባረረ። ሲባረር ግን አንድ ነገር ገብቶት ነበር፤ ሰውን ለማስፈራት ጭራቅ አያስፈልግም፣ ዝም ብሎ የሚቆም አጎት ይበቃል።

ከዚያ ወዲህ የሠራው ፊልም ሁሉ ሕዝብ ፊት ከመቅረቡ በፊት የሚፈተነው በአንዲት ሴት ላይ ነው፤ በታላቅ እህቱ። እትዬ ልብስ ሰፊ ናት። የሱቋን በር ቆልፋ፣ መርፌዎቹን ከደረቷ ላይ ሳትነቅል ትመጣለች። ፊልሙ የሚቀናበርበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ግራ እጇን ትሰጠዋለች፤ እሱ ሁለት ጣቱን አንጓዋ ላይ ያሳርፍና ዓይኑን ሰዓቱ ላይ ተክሎ የልብ ምቷን ይቆጥራል። ፊቷን አያይም፤ ፊት ይዋሻል ባይ ነው። ምቷ በደቂቃ መቶ አስር ያልደረሰበት ትዕይንት ይቆረጣል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲሠራ ኖረ፣ እሷም አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም።

ዘንድሮ ነገሩ ከብዷል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊልሞች ሕዝቡን አሳቁት። እንዲያስቁ ተብለው ቢሠሩ ደግ ነበር። ባለ ሲኒማው ትከሻውን ይዞ፣ “ወዳጄ፣ ዓርብ ጠዋት ለእኔና ለሰዎቼ ታሳየናለህ። ከሳቅን በዚሁ እንለያይ፣ ሳንቀያየም” አለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሼ ድንጋጤ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ችሎታዬ ጥሎኝ ሄዷል እንዴ? ይህችን አንዲት ጥያቄ ይዞ ይነሳል፣ ይዞ ይተኛል።

ተስፋውን የጣለው በአንድ ትዕይንት ላይ ነው። እናት የትንሽ ልጇን ፀጉር እያጠበች ነው። ልጅቷ ሳሙናው እንዳይገባባት ዓይኗን ጨፍናለች። እናትየው ፎጣ ላምጣ ብላ ትወጣለች። ፀጉሯ ላይ ያሉት እጆች ግን ማሸታቸውን አያቆሙም። ልጅቷ፣ “እማዬ፣ ቀስ በይ” ትላለች። እናትየው ከወዲያኛው ክፍል፣ “ምን አልሽ?” ትላታለች። ሙዚቃ የለም፣ ጩኸት የለም፤ የውኃው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው።

ማክሰኞ ከሰዓት እትዬ መጣች። መብራቱን አጠፉ፣ እጇን ሰጠችው። እናትየው ወጣች። እጆቹ ማሸታቸውን ቀጠሉ። ጋሼ ድንጋጤ ቆጠረ፣ የሳተ መስሎትም ደግሞ ቆጠረ። አምሳ ስምንት!

“እትዬ፣ እንቅልፍ ወስዶሻል እንዴ?”

“ኧረ እያየሁ ነው” አለች፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ። “ወይ ጉድ! ምን ዓይነት ነገር ነው የሠራኸው?”

ይህን እንደ ስድብ ወሰደው። እንደገና አሳያት፣ አምሳ ስምንት። ሌሎቹን ትዕይንቶች አሳያት፣ ስድሳ እንኳ የሞላ የለም። እህቱን ሸኝቶ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

“ቁረጪው” አላት ፊልሙን የምታቀናብርለትን ኤዲተር።

“የቱን?”

“የፀጉር ማጠቡን። ሌላው ላይ ሙዚቃ ጨምሪበት፣ ጩኸትም።”

ኤዲተሯ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። “ጋሼ፣ በእናትዎ! እኔ ይሄን ከሠራሁ ወዲህ ዓይኔን ጨፍኜ ፊቴን መታጠብ አቅቶኛል።”

“አንቺማ ትፈሪያለሽ፣ የምትሠሪው ለእኔ ነው። የእትዬ እጅ ግን ይሉኝታ አያውቅም።”

እያዘነች ቆረጠችው። ረቡዕን ሙሉ ጩኸት ሲጨምሩ ዋሉ። ማታውን ፊልሙ የመኪና ጥሩምባ ውድድር መስሎ ነበር። እሱም ያውቀዋል፤ ግን የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ነው የሚይዘው።

ሐሙስ ጠዋት ሳይቀጥራት እህቱ ሱቅ ሄደ። አዲሱን ሊለካባት ነው፤ ሆዱ ውስጥም ቅሬታ አለ። ሰልችቻታለሁ፣ እያለ ነው የሚሄደው። እትዬ ከመጋረጃው በስተጀርባ ለአንዲት ደንበኛ ቀሚስ እየለካች ነበር።

“አንተ ልጅ፣ መጣህ? እስቲ መቀሱን ከመሳቢያው አቀብለኝ።”

መሳቢያውን ሳበ። ከመቀሱ ሥር የተጋመሰ የኪኒን ፓኮ አገኘ። ከሥሩ ሌላ፣ ከዚያም ሥር ባዶዎቹ፣ በክር የታሰሩ። መቀሱን አቀበላትና አንዱን ፓኮ ኪሱ ከቶ ወጣ። መድኃኒት ቤቱ ሁለት በር አልፎ ነው።

ፋርማሲስቱ አወቀው። “ጋሼ ድንጋጤ! በእርስዎ ፊልም የተነሳ ባለቤቴ ቁም ሳጥኑን ከፍታ ሳታይ አትተኛም።”

“ይሄ ለምንድን ነው የሚሰጠው?”

ፋርማሲስቱ ፓኮውን አገላብጦ አየና ሳቁ ጠፋ። “ይሄ ለልብ ነው። ልብ እንዳይሮጥ የሚይዝ።”

“ሰው ቢደነግጥስ?”

“ቢደነግጥም እንደ ድሮው አይሮጥም። ልጓም ይበሉት።”

እንግዲህ ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ሰዓት ደስ ይለው ነበር፤ ችሎታው አልጠፋም፣ ፊልሙም አልሞተ። እሱም ለአንዲት አፍታ ደስ አለው፤ መዋሸት አያስፈልግም። ወዲያው ግን ሠላሳ ዓመት የቆጠረው ልብ የማን እንደሆነ ትዝ አለው። ፓኮውን ከባንኮኒው ላይ አንስቶ ወጣ።

ሱቁ ሲመለስ ደንበኛዋ ሄዳለች። ፓኮውን የልብስ ስፌት መኪናው ላይ አኖረው። እትዬ አየችው፤ መካድ አልሞከረችም።

“መቼ ነው የጀመረሽ?”

“ከርሟል። ኪኒኑን ግን የጀመርኩት በቅርቡ ነው። በሩ ጠቧል ነው የሚሉኝ፣ ልቤ ውስጥ ያለው፣ ደሙ የሚያልፍበት።”

“እና ለምን አልነገርሽኝም?”

“ብነግርህ ፊልምህን ታሳየኝ ነበር? ሐኪሞቹ መደንገጥ ከለከሉኝ፤ አንተ ደግሞ ያለኔ አንድ ፊልም አውጥተህ አታውቅም።” ክሩን በጥርሷ በጠሰች። “ማክሰኞ ለት ፈርቼ ነበር እኮ። አፌ ደርቆ፣ እግሬ ተንቀጥቅጦ! ያቺ ልጅ እማዬ ስትል ልጮህ ነበር። አንዴ ፊቴን ብታይ ኖሮ ምን ነበረበት?”

 እጇን ለመያዝ አፈረ።

“ነገ ጠዋት ይቀድዱኛል” አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ኦፕራሲዮን ማለቴ ነው። ጎረቤቴ ታደርሰኛለች። አንተ ወደ ጉዳይህ ሂድ፣ ስትጨርስ ትመጣለህ።”

“እኔ ነኝ የማደርስሽ።”

“ደግሞ አንተ ሐኪም ቤት! ማን ማንን ሊደግፍ?”

ከሱቁ እንደወጣ ለኤዲተሯ ደወለ። “የፀጉር ማጠቡን መልሺው። ጩኸቱን በሙሉ አውጪ። ነገ አንቺው ታሳያቸዋለሽ፣ እኔ የለሁም።” ኤዲተሯ ጆሮዋን አላመነችም። “ማን ለካው?” አለች። “ማንም” አላት።

ዓርብ ጠዋት እትዬን ባለ ጎማ አልጋ ላይ አስተኝተው ኮሪደሩን ይዘው ሲሄዱ ከጎን ከጎኗ እየሮጠ ነበር። የመድኃኒት ሽታው አዙሮታል። እሱ ማለፍ የማይችልበት በር ጋ ሲደርሱ ነርሷ፣ “እዚህ ይቆዩ” አለችው። እሱ የአልጋውን ብረት አለቀቀም።

“እትዬ፣ ፈራሁ” አለ። ይህን ቃል ከአፉ አውጥቶ አያውቅም።

እትዬ ከትራሷ ላይ ሆና ፈገግ አለች። “ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኔ ፈራሁልህ” አለችው። “ዛሬ ተራው ያንተ ነው። አንተ ፍራልኝ፣ እኔ ልተኛበት።”

በሩ ተዘጋ።

አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ኤዲተሯ ናት፤ ትንፋሽ አጥሯታል። “ጋሼ! ባለ ሲኒማው ፊልሙን አስቆመው!”

“ሳቁ?”

“ምን ይስቃሉ! መብራት አብሩልኝ ብሎ ጮኸ። ሰዎቹ ወንበሩ ላይ ደርቀው ቀሩ። አሁን ደግሞ ቀጥሉልን እያሉ ነው። ጋሼ፣ ይሰሙኛል?”

“እሰማለሁ” አለና ስልኩን ዘጋው። ስንት ወር የተጨነቀበት ወሬ ነበር፤ አሁን ግን የሰው ጉዳይ መሰለው። ከበሩ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት እጁን ጉልበቱ መሐል ከቶ ተቀመጠና ፈራላት።