የጠፋው ዝርዝር

ኮምፒውተሩ ያለበት ክፍል ሲገባ ጫማ ይወለቃል። አቧራ ማሽኑን ይገድለዋል ተብሎ ስለተነገረ፣ ፒያሳ መሐል ባለው በዚያ አሮጌ ፎቅ ላይ የሚሠራ ሁሉ፣ አለቃ ሳይቀር፣ በካልሲ ነበር የሚገባው። የካቲት 1982፣ አንድ ማለዳ፣ የማሽኑ ባለሙያ ዓምደሚካኤል ከአፍንጮ በር እንደ ልማዱ በሐሳብ ጭልጥ ብሎ በእግሩ ወርዶ ሲደርስ፣ ጸሐፊዋ ሙሉነሽና ጓድ ገብረዮሐንስ ቀድመውት ገብተዋል።

ጓድ ገብረዮሐንስ የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ ሰው የሚፈራውም ለዚሁ ነው።

«ትናንት ሙሉነሽ የጻፈችው ዝርዝር ማሽኑ ውስጥ የለም» አለ። «ስድስት ሰዓት ላይ ከበላይ መጥተው ይወስዱታል።»

«በእጅ የተጻፈውስ?»

«ምስጢር ስለሆነ፣ ማሽኑ ውስጥ ከገባ ምን ያደርጋል ብዬ አቃጠልኩት። ሁሉንም በቃሌ አልያዝኩትም።»

ዓምደሚካኤል ሳቁ ሊያመልጠው ነበር። የሚቀጥለውን ሲሰማ ግን ሳቁን ዋጠው።

«እስከ ስድስት ሰዓት ካልተገኘ አሻጥር ነው። ስለ አሻጥር ደግሞ የሚጠይቋት ሌሎች ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

ሙሉነሽ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ዓምደሚካኤል በዚህ ከተማ ዘመድ የለውም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ከዶሮ ማነቂያ ቤቷ ቋጥራ የምታመጣውን ምሳ አካፍላዋለች። እሷን ሲወስዷት ቆሞ ሊያይ ነው?

«ተወው አምዴ» አለችው። «ማሽን የበላውን አይተፋም።»

«ይተፋል እንጂ እትዬ። ይቺ የአራዳ ልጅ ናት፤ ትደብቃለች እንጂ አትጥልም።»

እሷ አልሳቀችም።

ስለ ማሽኑ ለሦስት ሳምንት ኮርስ ተልኮ የተማረው እሱ ብቻ ነው። ማሽኑ አንድ ጽሑፍ ሲሰረዝ ጽሑፉን አያጠፋውም፤ ከተመዘገበበት ስም የመጀመሪያዋን ፊደል ነቅሎ እንደሌለ ይቆጥረዋል። ሌላ ነገር እላዩ ላይ እስካልተጻፈ ድረስ እዚያው ተኝቷል። የተሰረዘ ጽሑፍ ለመፈለግ አስተማሪው የሰጠውን ዲስክ ከመሳቢያ አወጣና ማሽኑ ውስጥ ከተተ።

«ዓይንህን ታጠፋለህ» አለች ሙሉነሽ። «ሻይ እንኳ ጠጥተህ ና።»

«በኋላ።»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ልጠየቅ። ለምን ትደክማለህ?»

ፍርሃት አናግሯት ነው ብሎ አዘነላት፤ ይበልጥ ፈጠነ። ጓድ ገብረዮሐንስ እግሩን አነባብሮ ከኋላው ተቀምጧል። አራት ሰዓት አለፈ፣ አምስት ሆነ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል፣ የመጀመሪያ ፊደሉ የጎደለ የጽሑፍ ስም የማሽኑ ጥቁር መስተዋት ላይ ብቅ አለ። ዓምደሚካኤል ፊደሉን መለሰለትና ቁልፉን ተጫነ።

አረንጓዴ ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ፈሰሰ።

«መጣ እትዬ» አለ፤ ልቡ በደስታ እየዘለለ።

ማሽኑ አማርኛ ስለማያውቅ ስሙ ሁሉ በፈረንጅ ፊደል ነው የተጻፈው፤ ቀስ ብሎ አነበበ። ርእሱ ለሰሜን ግንባር የተመረጡ ሠራተኞች ይላል። አንደኛ፣ የግምጃ ቤቱ አጥናፉ። ሁለተኛ፣ ሾፌሩ ኪዳነማርያም። ሰባተኛ፣ ዓምደሚካኤል ዘገዬ።

መልሶ አነበበው። ሌላ ዓምደሚካኤል እንዳለ ሊያስታውስ ሞከረ። የለም። ዞሮ ሙሉነሽን አየ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ትናንት ይህን ስም በገዛ እጇ የጻፈች፣ በገዛ እጇም የሰረዘች እሷ ናት። እስር ቤት ልትገባ ቆርጣ ነበር። እሱ ደግሞ ሊያድናት ብሎ ጠዋቱን ሙሉ ሲደክም የዋለው ለዚህ ነው።

አንዲት ቁልፍ ቢጫን መልሶ ይጠፋል። ጣቱን ሳያነሳ ትከሻው ላይ እጅ አረፈ።

«ጎበዝ» አለ ጓድ ገብረዮሐንስ። «አትመው።»

«ጓድ፣ የኔ ስም...»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ መርጬ የጻፍኩት።» ሰዓቱን ተመለከተ። «ሰኞ ነው ጉዞው። እስከዚያ ማሽኑን የምታስረክበው ሰው ፈልግ።» ከዚያ ወደ ሙሉነሽ ዞረ፤ «አንቺ ወደ ሥራሽ ሂጂ። ማሽኑ ነው ያጠፋው ይባላል።»

ሙሉነሽ አልሄደችም። ማተሚያው እየተንጫጫ፣ መስመር በመስመር፣ ወረቀቱን መግፋት ጀመረ። አጠገቡ መጥታ ቆመች፤ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ፣

«አንድ ቀን እንኳ ሰነፍ ብትሆን ምን ነበረበት፣ አምዴ?» አለችው።